ተይዟል የሚለው መዝገብ

በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ፣ በዓይን ትክክል፣ አራት ማዕዘኑ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ነበር። «ከዘበኛው መልእክት ካልመጣ ማንም አይስጋ፤ ሁሉም በሥርዓቱ እየሠራ ነው» ይላል። ያረቀቀው፣ ያተመው፣ በማስመሪያ ለክቶም የለጠፈው የደም ባንኩ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ራሱ ነው። ዘበኛው የሚባለው ሰው አይደለም፤ ሰርቨሮቹን ያለ ዕረፍት እየቃኘ፣ አንዱ ሲታመም ለሚመለከተው ሰው ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም ነው። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። ለኃላፊውም አውጥተውለታል፤ የሰው ቃል በመዝገብ ካልተደገፈ ጆሮው ስለማይገባ፣ በሌለበት «ማኅተም» ይሉታል። እሱም ያውቃል፤ እንደ ስድብ ግን ቆጥሮት አያውቅም።

አባቱን ቀብሮ ከአሥራ አንድ ቀን የሐዘን ፈቃድ በተመለሰበት ረቡዕ ጠዋት፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ፣ ያ ወረቀት ሐሰት ሆኖ ጠበቀው።

የእያንዳንዱ የደም ከረጢት ቁጥር፣ ዓይነት፣ የተቀዳበት ቀንና የተቀመጠበት ማቀዝቀዣ የሚመዘገብበት ሰርቨር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቆሟል። የላቦራቶሪ ሠራተኞች ማቀዝቀዣዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ በብርድ በደነዘዘ ጣት ከረጢት እያገላበጡ፣ ቁጥሩን በእርሳስ ይመዘግቡ ነበር። ሁለት ቀዶ ሕክምናዎች ለማግስቱ ተላልፈዋል። ሰርቨሩ የሚጽፈው በሁለት መንታ ዲስኮች ላይ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ብቻውን እንዲሸከም ታስቦ። ኃላፊው ሣጥኑን ከፍቶ ሲያይ ሁለቱም ሞተዋል። አንደኛው የሞተው ዛሬ ነው። ሌላኛው ግን ከሞተ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ማሽኑ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በአንድ እግሩ ቆሞ ኖሯል፤ ያየውም የሰማውም የለም።

እስከ አራት ሰዓት አዲስ ዲስኮች ገብተው የእሑዱ ቅጂ ተመለሰ። ከእሑድ ወዲህ ያለው የሦስት ቀን መዝገብ ከከረጢቶቹ ላይ እየተነበበ በእጅ መግባት ነበረበት። ያ ድካም ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። የቀረው ጥያቄ ግን ከድካሙ ይከብድ ነበር፤ ዘበኛው ለምን ዝም አለ?

ኃላፊው የዘበኛውን ሠንጠረዥ ከፈተ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ረድፍ ላይ እንዲህ ይነበባል፤ «ዲስክ አንድ። ብልሽት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። መልእክት ተልኳል። ተይዟል።»

የመጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት። ሕጉን ያወጣው እሱ ስለሆነ ትርጉሟን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ኢሜይሉ በመጀመሪያ ለኃላፊው ይሄዳል፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ለተረኛው ቴክኒሻን ይተላለፋል። ከሁለቱ አንዱ ለኢሜይሉ መልስ ከላከ፣ ጉዳዩ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነውና፣ ዘበኛው «ተይዟል» ብሎ ይጽፍና ማሽኑ እስኪድን ድረስ አፉን ይዘጋል። አንድን ነገር መላልሶ መጮኽ የሰውን ጆሮ ያደነዝዛል ብሎ ነበር ይህን ያደረገው። በሕጉም ይኮራ ነበር።

በዚያ ሳምንት ተረኛዋ ከተቀጠረች ስድስት ወር ሊሞላት ሁለት ቀን የቀራት ወጣት ቴክኒሻን ነበረች። የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው አርብ ነው። ከሰርቨር ክፍሉ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሮ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። የአስተዳደር ኃላፊውም በሩን ተደግፎ ቆሟል። በጀትም ሰውም መቁረጥ ስለሚቀናው «መቀስ» የሚሉት እሱን ነው። ሲገባ አስቀድሞ «ያጽናህ ወንድሜ» ብሎ ትከሻ ነክቷል፤ ከዚያ ግን ሰዓቱን አይቷል።

«መዝገቡ ተይዟል ይላል» አላት ኃላፊው። «እኔ ሐዘን ላይ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ ዘንድ አልደረሰም» አለች። «ደርሶኝ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ አሁን ዓይንዎን አያለሁ?»

መቀስ ፈገግ አለ። ፕሮግራም ዓይን እንደሌለው፣ የሚያፍርበትም የሚዋሽበትም ምክንያት እንደሌለው በለሰለሰ ድምፅ አስረዳት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሮ ጉዳዩን በአጭሩ አስቀመጠው። በዘጠኝ ሰዓት ቦርዱ ይሰበሰባል፤ ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ ዝም ያለው ማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ሪፖርት ይጠብቃል። ያ ሰው ተረኛዋ ከሆነች ከአርብ በኋላ እዚህ አትሠራም።

«አንተ ስሙን ጻፍልኝ፤ ሌላውን እኔ እቋጨዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ቴክኒሻኗ አልተለማመጠችም። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ፣ ከፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «የፈለጉትን ይዩ» አለችና፣ ላቦራቶሪው ሰው ጎድሎት ስለነበር ከረጢት ልትመዘግብ ተነሣች። በሰርቨር ክፍሉ በር ስታልፍ ቆም አለች፤ ወረቀቱን አየችውና ሄደች።

ኃላፊው ሥራውን በቅደም ተከተል ጀመረ። ሌላ አሠራር አያውቅም። የስልኳን የኢሜይል ሣጥን ከሰኞ ጀምሮ አንድ በአንድ አየ፤ ከዘበኛው የመጣ የለም። አላስፈላጊ መልእክቶች የሚጣሉበትን ማኅደር አየ፤ ስለ ጫማ ቅናሽ የሚያወሩ አርባ ሦስት ማስታወቂያዎች ብቻ። የተሰረዙትን አየ፤ የሉም። መልእክቶችን በራሱ ወደ ሌላ ቦታ የሚያዞር ትእዛዝ አስገብታ እንደሆነ ፈተሸ፤ አላስገባችም። ይህ ሁሉ ግን አልበቃውም። ደብዳቤ ተቀብሎ መልሶ ማጥፋት ይቻላል፤ ያጠፉትንም ዳግም ማጥፋት ይቻላል። ልጅቱ ይህን ለመሥራት ዕውቀት አያንሳትም። እንዲህ ሲያስብ ራሱን ታዘበው፤ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስታረፍድ አላያትም። ያም ሆኖ መዝገብ መዝገብ ነው።

የቀረው አንድ በር የኢሜይል ሰርቨሩ ነበር። በድርጅቱ ውስጥ የሚወጣና የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ፣ ከማን ለማን በስንት ሰዓት እንደሄደ፣ እዚያ በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል። ያን መዝገብ ማንበብ የሚችለው በሕንፃው ውስጥ እሱ ብቻ ነው። የቀን ሺህ መስመር ነው። ሰኞን አገኘ። ከረፋድ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ከዘበኛው የወጡትን ብቻ እየለየ ጣቱን በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ እየሳበ ወረደ።

በአራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ አንድ ደብዳቤ ወጥቷል፤ ለኃላፊው። በአራት ሰዓት ከሃያ ሰባት ለተረኛዋ መተላለፍ የነበረበት ሁለተኛው ደብዳቤ የለም። ከዚያ በኋላም በዘጠኙ ቀናት ውስጥ ወደ እሷ የሄደ አንድም ደብዳቤ የለም።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ልጅቱ እውነቷን ነው። ግን እሷ ካልያዘችው፣ ማን ያዘው?

ይህን እያሰበ ሳለ የራሱ ስልክ ጠራ። ታላቅ እኅቱ ናት። የአባታቸውን ቤት ዕቃ ለማጽዳት እዚያው ሰንብታለች።

«እታለም፣ ሥራ ላይ ነኝ» አላት።

«ሥራ ላይ ከሆንክ ማሽንህ ምን ያስዋሸዋል?» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ዕንባም ሣቅም ነበረበት። «የአባባን ፎቶ ላክሁልህ፤ ያቺ በወጣትነቱ ብስክሌት ይዞ የተነሣትን። ጣቴን ከስልኩ ሳላነሣ መልስ መጣ። ‹የተከበሩ ላኪ፣ በአባቴ ሕልፈተ ሕይወት ምክንያት ከሥራ ገበታዬ ርቄያለሁ› ትለኛለህ? የአንተ አባት ለእኔ ምኔ ነበር አንተ?»

ሊሥቅ ብሎ ተወው።

«ጣትሽን ሳታነሺ?» አላት። «እስቲ ድገሚልኝ።»

«ሳላነሣ ስልህ። የተከበሩ ላኪ። አሁን እንደውም ለጎረቤቶቹ ሳነብላቸው ነበር።»

መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋባት። ወደ መስታወቱ ተመለሰ። ቅድም የለየው ከዘበኛው የወጡትን ብቻ ነበር፤ አሁን ወደ ዘበኛው የገቡትንም ጨመረ። ከሰኞው ደብዳቤ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ፣ በሁለት ሴኮንድ ልዩነት፣ ከራሱ አድራሻ ለዘበኛው የተላከ መልስ አለ።

በሁለት ሴኮንድ የሚጽፍ ሰው የለም።

ቃላቱን ከፍቶ ማየት አላስፈለገውም፤ በቃሉ ይዟቸዋል። አባቱ ካረፈ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ በስልኩ የጻፋቸው ናቸው። ለሚጽፍለት ሰው ሁሉ በራሱ መልስ እንዲሰጥ የኢሜይል ሣጥኑን ያዘዘው ያኔ ነው። «መልእክትዎ ደርሶኛል፤ ስመለስ በየተራው ምላሽ እሰጣለሁ» ከሚለው ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ መልሷል። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረምና። ዘበኛው ደግሞ ላኪ ነው፤ መልስ ደረሰው፤ መልስ ከመጣ ጉዳዩ ተይዟል ማለት ነው። አፉን ዘጋ።

በዚያች ቅጽበት ሌላም ነገር ትዝ አለው፤ ባይታወሰው በወደደ ነበር። ልጅቱ በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሕጉን ሲያስረዳት፣ ዘበኛው መልሱ ምን እንደሚል ያነብ እንደሆን ጠይቃው ነበር። አያነብም አላት። ባዶ መልስም ቢሆን ይቆጠራል ወይ አለችው። እሱም ሰው መልስ ከጻፈ አንብቧል ማለት ነው፣ አሁን ወደ ሥራሽ ብሎ አሰናበታት። ጥያቄውን ከማስታወሻ ደብተሩ ፈልጎ አገኘው፤ ቀኑን ጭምር ጽፎታል። ከጎኑ በቀይ «አያስፈልግም» ይላል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። ግምት መዝገብ አይደለምና ሊፈትነው ወሰነ። ባዶ የሙከራ ማሽን አስነሥቶ፣ ዲስክ እንደተበላሸ አስመስሎ ዘበኛውን አነቃው። ዓይኑን ሠንጠረዡ ላይ ተከለ። «ተልኳል» የሚለው ቃል ወጣ፤ ትንፋሹን ሳይጨርስ «ተይዟል» የሚለው ተከተለ። የቴክኒሻኗ ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል።

አሁን የቀረው ተቃራኒው ፈተና ነው። የኢሜይል ሣጥኑ በራሱ መልስ እንዲሰጥ ያስገባውን ትእዛዝ አጠፋ። ዘበኛውን እንደገና አነቃው። «ተልኳል» አለ። «ተይዟል» አልመጣም። በራሱ ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያው ደረሰ፤ አልነካውም። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ ለተረኛዋ መተላለፍ አለበት። ሰዓቱ ስምንት ከአምስት ይላል።

አሥራ አምስት ደቂቃ ለሚያስብ ሰው ረጅም ነው። የሪፖርቱን ባዶ ገጽ ከፈተ። አንድም የሐሰት ቃል ሳይጽፍ መዳን እንደሚችል ያኔ ተገለጠለት። ሠንጠረዡን እንዳለ መገልበጥ ይበቃል፤ ተልኳል፣ ተይዟል፣ ተረኛዋ እሷ ነበረች፣ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነበር። አራቱም እውነት ናቸው። የኢሜይል ሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ በራሱ ይጠፋል። ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገለበትን ስም አሰበ። ትናንት ማታ ቤቱ ድረስ መጥተው ያጽናኑትን የሥራ ባልደረቦቹን አሰበ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ግን አልተንቀሳቀሱም።

በስምንት ከአሥራ ሦስት መቀስ ገባ። ሪፖርቱ እንዳልተጻፈ ሲያይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዛሬ ሐዘንተኛን ማጣደፍ እንዳልፈለገ ነገረው።

«አንተ ላይ ማንም ጣቱን አይቀስርም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷም ብትሆን እኮ ተባረረች አይባልም። ኮንትራቷ አርብ ያልቃል፤ አለማደስ ነው። ነገ ሌላ ቦታ ትገባለች፤ ወጣት ናት።»

«ሰባት ደቂቃ ጠብቀኝ» አለው ኃላፊው።

«ምንድነው የምንጠብቀው?»

«ስልክ።»

 ከወዲያ ክፍል የማቀዝቀዣዎቹ ሞተር ይሰማል። መቀስ አንድ ጊዜ ሰዓቱን፣ አንድ ጊዜ ያቺን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠች የሴት ስልክ ያያል። በስምንት ከአሥራ ስምንት ቴክኒሻኗ መጣች። ሁለተኛውን ማቀዝቀዣ እንደጨረሱ፣ ሦስት መቶ ሰባ ከረጢት እንደተመዘገበ፣ አንድም እንዳልጠፋ ተናገረች። ጣቶቿ ከብርዱ የተነሣ ቀልተዋል። ተቀመጪ አላት፤ አልተቀመጠችም።

ሁለት ደቂቃ አለፈ። ስምንት ከሃያ ሆነ። ስልኩ ዝም አለ።  ፈተናው ከከሸፈ ሌላም ያላየው ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ያንን እስኪያገኝ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ሠንጠረዡ ብቻ ነው። ዓይኑን ከስልኳ ሳይነቅል እስከ ሠላሳ ቆጠረ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ቴክኒሻኗ አንስታ አነበበች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ከዘበኛው ነው። ዲስክ ተበላሽቷል ይላል። ልያዘው?»

«አትያዢው» አላት። «እኔ ለሙከራ የላክሁት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት አንድም አልደረሰሽም።»

ከዚያ ወደ መቀስ ዞረ።

«የያዘው እኔ ነኝ» አለ።

ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቃል ሳያስጌጥ ነገረው። የኮሪደሩን ወንበር ብቻ ዘለለ። መቀስ፣ ይህ እኮ የማሽን ስሕተት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል ሲል ሞከረ፤ እንደዚያ ከተጻፈ ግን ቦርዱ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ ተረኛ ዝርዝሩ እንደሚዞር ሁለቱም ያውቃሉ።

«ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው» አለ ኃላፊው። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችልም የነገረኝ ሰው ነበር።»

«ማን?»

በአገጩ ወደ ቴክኒሻኗ አመለከተ። እሷ አቀርቅራ ወለሉን አየች።

«ጠዋት ውሸታም አደረግሁሽ» አላት።

«ኧረ አላሉኝም።»

«በአፌ አላልኩም።» ማስታወሻ ደብተሩን ገልብጦ ቀዩ ቃል ያለበትን ገጽ አሳያት። «ልጄ፣ ያን ጊዜ መጠየቅሽ ልክ ነበር።»

ገጹን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ቀኑን እንኳ ጽፈውታል» አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ መሰል ነገር ታየ።

ሪፖርቱን በሃያ ደቂቃ ጨረሰ። አንድ ገጽ ነበር። ስሙ በሁለተኛው መስመር ላይ ይገኛል፤ የቴክኒሻኗ ጥያቄ ከነቀኑ በአምስተኛው። አትሞ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ለመቀስ ሰጠው። መቀስም ወረቀቱን እንደሚያቃጥል ነገር በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ወጣ።

ኃላፊው በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ያለውን ወረቀት ሊያነሣ ሄደ። ፕላስተሩ አራቱንም ማዕዘን አጥብቆ ይዞ ስለነበር ሲላጥ ቀለሙን ይዞ መጣ። ከዚያ ለእኅቱ ደወለ። ፎቶውን ዳግም እንድትልክለት ለመናት፤ ቀድሞ እንደደረሰው ራሱ ቢያውቅም። አሁን ሰው እንደሚመልስላት ነገራት።

ከወር በኋላ ቦርዱ ከኃላፊነቱ አነሣው፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ባለሙያ ሆኖ ቀረ። የቴክኒሻኗ ቅጥር ጸና። ዘበኛው አሁን በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ «አለሁ» የሚል ኢሜይል ለአራት ሰው ይልካል፤ ያ ኢሜይል ሳይመጣ ሲቀር ተረኛው ተነሥቶ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ይሄዳል።